ነገ የት ልቁም

ጥቅምት 14፣ ገንዳ ውሃ

ዛሬ ቀንቶኝ እንኳ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ሰሊጤ አፉን መክፈት ጀምሯል። ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ መፍሰሱ ነው።

ከደጋ የሚመጡት አጫጆች መናኸሪያው፣ ገበያውና ድልድዩ ጋ ነው የሚወርዱት። ሐጅ ሰይድ ሰፊ እርሻ አላቸው፤ በሦስቱም ቦታ ደላላ አቁመዋል። እኛ እኔና ወንድሜ ካሴ ብቻ ነን። ትናንት ተለያይተን ቆመን አንድም ሰው አላገኘን። ዛሬ "ሁለቱን ቦታ እንተውላቸውና ድልድዩ ላይ አብረን እንቁም" አልኩት። እኔ ከሰዎቹ ጋር ሳወራ እሱ ጓዛቸውን ትራክተሩ ላይ ሲጭን፣ የሐጅ ደላላ ብቻውን ምን ያድርግ? የጎጃም ልጆች ይዘን ገባን። መንገዱን ሙሉ ሳቅን። ግን ለግማሹ ማሳ እንጂ ለሁሉም አይበቁም።

አመሻሽ ላይ ሐጅ በደጄ ሲያልፉ "እህቴ፣ ዛሬስ በለጥሽኝ። ነገ የት ነሽ?" አሉኝ እየሳቁ።

"ያው ድልድዩ ላይ ነኛ፣ ሐጅ።"

"አንቺ ድልድይ ካልሽማ መናኸሪያ ነሽ" ብለው ሄዱ።

ይሄ አፌ። እውነቴን እኮ ነው የነገርኳቸው። ካላመኑኝ ተረፍኩ። ካመኑኝ ደላሎቻቸውን ሁሉ ድልድዩ ላይ ይሰበስቧቸዋል። መናኸሪያ ብንሄድስ? "መናኸሪያ ነሽ" ማለታቸው እዚያ ሊጠብቁን እንደሆነ ነው፤ ያንንም ቢሆን እየሳቁ ነው ያሉት።

ነፋሱ እየበረታ ነው። ካሴ ትራክተሩን ነዳጅ ሞልቶ "ነገ የት ነን?" እያለ ከውጭ ይጣራል።