ሦስት ቦታ ያመለከተው ባልሽ

ውድ ፊዮሪዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችንስ? እናትሽ የገንፎውን ነገር አሁንም አልቀነሱልሽም?

ይህን ጉድ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንብበሽ ስትጨርሺ ስልኬን ሁለተኛ አታምኚውም፤ ስለዚህ ጽፌ በአጎትሽ ልጅ በተስፋልደት እጅ ልኬልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ልጅቷን ለእናትሽ ስጫቸው፤ ስትስቂ እንዳትጥያት።

ረቡዕ ጠዋት ደውዬ “እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እውነቱን ንገሪኝ” ብዬሽ ነበር። “ምነው፣ በጠዋቱ ጠጥተሃል እንዴ?” አልሽኝ። አልጠጣሁም። ሦስት ሰዎች እያዳመጡሽ ነበር። ቆይ፣ ቆይ፣ አትቆጪ! ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ልትወልጂ ወደ መቀሌ ስትሄጂ ለአባትሽ የገባሁላቸውን ቃል ሰምተሻል። ሃያ ሁለት ሰፈር ያለው፣ እሠራበት የነበረው የአስጎብኚ ቢሮ ከተዘጋ ገና ሳምንቱ ነበር። “ልጄን የማየው ሥራ ይዤ ነው፤ እስከ ክርስትናው ካጣሁ ግን ጓዜን ጠቅልዬ እርስዎ ሱቅ እገባለሁ” አልኩ። አፌን ቁርጥ ያድርገው! አባትሽ ጋሽ ሐዱሽ ደግሞ ቃል የሚረሱ ሰው አይደሉም። ይኸው ክርስትናው ደረሰ፤ እኔ ልጄን ከስልክ ውጪ አላየኋትም። ቡልቡላ ባዶ ቤት ቁጭ ብዬ፣ በገዛንላት ትንሽዬ አልጋ ላይ ልብሴን እከምራለሁ።

ታዲያ ቦሌ መንገድ ላይ አዲስ የተከፈተ አንድ ሆቴል ማስታወቂያ አወጣ። ሾፌር፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ እንግዳ ተቀባይ። ከአንድ በላይ ማመልከት ክልክል ነው አይልም። የቸገረው ሰው ምን ይመርጣል? ሦስቱንም አመለከትኩ። እንግዳ ተቀባይነቱን እንኳ የጨመርኩት ለቁጥር ማሟያ ነው፤ እዚያ የሚያቆሙት ቆነጃጅት ልጆችን ነው ብዬ።

ሰኞ ጠዋት ለሾፌርነቱ ተጠራሁ። ሦስት ሰዎች ተሰይመዋል። መሃል ላይ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ወይዘሮ የሺመቤት፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው ተቀምጠዋል። “ለምን ሾፌርነትን መረጥህ?” ሲሉኝ “እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ ያመኛል፤ መንገድ ነው ደስታዬ” አልኩ። ራሴን ጎሽ እያልኩ ወጣሁ።

ከሰዓት ደግሞ ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ተጠራሁ። ሌሎች ሰዎች የሚጠብቁኝ መስሎኝ፣ ከጎረቤታችን ከሙነወር የተዋስኩትን ሌላ ከረባት አስሬ በሩን ብከፍት እነዚያው ሦስቱ! ደነገጥኩ። ለዚህኛው ሥራ በቃሌ ያጠናሁት መልስ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ አምልጦኝ ወጣ። “እኔ ወንበር ካገኘሁ የሚያስነሳኝ የለም፤ መዞር የሚባል ነገር አልወድም።”

ወይዘሮ የሺመቤት ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። “ጠዋት መቀመጥ ያመኛል ያለን ሰውዬ ወንድምህ ነው?” አሉኝ። ፊዮሪ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ረቡዕ ለሦስተኛው ላለመሄድ ወስኜ ነበር። የልጅቷን ፎቶ አየሁና ተነሳሁ። ከረባቱን ተውኩት። ገና ሳልቀመጥ ከሦስቱ አንዱ፣ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ መሳቅ ጀመረ። “ዛሬስ ማን ሆነህ መጣህ?”

“እውነቱን ለመናገር ሥራ የቸገረኝ ሰው ነኝ” አልኩ። “ልጅ ተወልዳልኛለች፤ ክርስትናዋ ደርሶ እስካሁን አላየኋትም።”

ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ የሺመቤት ትንሽ አሰቡና “እኛ ቤት ያለ ተያዥ ሰው አይቀጠርም። ላንተ የሚያስፈልግህ ግን የጠባይ ተያዥ ነው፤ ከሦስቱ ሰዎች የትኛው እንደሆንክ የሚነግረን። ሚስትህ ጋ ደውል። ላውድ ላይ አድርጋት፤ እኛ መኖራችንን እንዳትነግራት” አሉ። እምቢ ልል ነበር። አንቺን ግን ከራሴ በላይ ነው የማምንሽ፤ ደወልኩ።

“አንተማ” አልሽ፣ “እግርህ ሥር ያለውን ካልሲ አጥተህ ‘ፊዮሪ የት ነው?’ እያልክ ቤት የምታተራምስ ሰው ነህ።” ዕቃ ግምጃ ቤቱ እዚያው ላይ አበቃለት። “መኪና ውስጥ ደግሞ ገና ሞተር ሲነሳ እንቅልፍ ይወስድሃል። ሐዋሳ ስንሄድ ማን ነበር የነዳው?” ሾፌርነቱም ተከተለ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይንፈቀፈቃል። በቃ፣ ዝም በይ ልልሽ አፌን ስከፍት፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ቀጠልሽ።

“ግን ሰው መያዝ ታውቅበታለህ፣ ጸጋዬ። መጀመሪያ ቤታችን የመጣህ ዕለት አባዬ ሊያይህ እንኳ አልፈለገም። ራት ላይ ግን አጠገቡ አስቀምጦ ያጎርስህ ነበር። አንተ ዘንድ የመጣ ሰው ሁሉ የራሱ ቤት የገባ ይመስለዋል። እኔም ያገባሁህ ለዚህ ነው። ሥራው ከቀረም ይቅር፤ ዝም ብለህ ና። ልጅህ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው።”

አልቅሻለሁ፤ አልደብቅሽም። ስልኩን ስዘጋ ወይዘሮ የሺመቤትም መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር። “ተያዥህ ጨረሰችው” አሉኝ። “እንግዳ መቀበያው ያንተ ነው። ከክርስትናው ስትመለስ ትጀምራለህ። አሁን ውጣልኝና ልጅህን እይ!” የቅጥር ደብዳቤዬን ይዤ ስወጣ በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ አቅፌ ሳምኩት። ሰውዬው እስካሁን ግራ ተጋብቷል።

ፊዮሪ፣ ሳላስፈቅድሽ ስላሰማሁሽ ቅጣቴን ስመጣ እቀበላለሁ። ለአባትሽ ደግሞ ሱቁን የሚያግዛቸው ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ንገሪያቸው። እሳቸውም ከልባቸው ደስ ይላቸዋል፤ እኔ እዚያ ብገባ ዕቃው የት የት እንደሚገባ አንቺ ታውቂያለሽ።

አልጋዋን ከልብሴ አጽድቻለሁ፤ የቅዳሜውንም ቲኬት ቆርጫለሁ። ከዚህ በኋላ ቀኑን ሙሉ ለማላውቀው ሰው ሁሉ “እንኳን ደህና መጡ” ስል ልውል ነው። ለማንም ከማለቴ በፊት ግን ይህን ያህል ጊዜ ሳልቀበላት የቆየች አንዲት እንግዳ አለችኝ። ቅዳሜ አቅፌ፣ በጆሮዋ፣ መጀመሪያ ለእሷ እላታለሁ።

ካልሲውን አሁንም እየፈለገ ያለው ባልሽ፣
ጸጋአብ