ነፍስ የሚዘራ እጅ

ውድ ባለ እጅ፣

ከሄድሽ ወዲህ እጅግ ደህና ነኝ። ይህ የደብዳቤ ወግ ነው እንጂ ደህና አይደለሁም፤ ቀንቼብሻለሁ። ድሮም እቀናብሽ ነበር፤ ያኔ ግን አጠገቤ ስለነበርሽ ጓደኝነት ይመስል ነበር።

አንቺ ከመንገዱ ማዶ የመስታወት በር ወዳለው ላቦራቶሪ ከተሻገርሽ በኋላ የአይጥ ኩላሊት ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። ሥራውን ታውቂዋለሽ፤ ሥጋውን በመቀስ አድቅቆ፣ ሴሎቹን ያያያዘውን ነገር በኢንዛይም አሟሙቶ፣ በወንፊት አጥልሎ፣ እያንዳንዱን ሴል ለብቻው በሕይወት ማውጣት ነው። ለብቻው ማውጣቱስ ይሆንልኛል። የምሰናከለው «በሕይወት» የሚለው ላይ ነው። የሞተ ሴል በሩ ክፍት ስለሆነ ሙቱን ከሕያው ለመለየት የምንጨምረው ሰማያዊ ቀለም ሰተት ብሎ ይገባበታል። የእኔዎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ደመና የሌለው ሰማይ ነበሩ።

አለቃችን ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ፣ «ልጄ፣ ይሄ ላቦራቶሪ ነው መቃብር?» አሉኝ።

«ኢንዛይሙ አርጅቶ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«እሷ በዚሁ ኢንዛይም ነፍስ ትዘራበት አልነበር? የእሷ እጅ እኮ...»

የሰው እጅ እንዲህ ሲሞገስ የማውቀው ማእድ ቤት ውስጥ ብቻ ነበር። ቀጠሉና፣ «ነገም ከሞተ ሥራውን ወደ እሷ እልከዋለሁ» አሉ።

ወደ አንቺ! ሥራዬን በበረዶ ሣጥን አሽገው ሊድሩልሽ!

በማግስቱ ጠዋት ወንበርሽ ላይ ተቀመጥሁ። ፈሳሽ መምጠጫውን ፒፔት ይዘሽ እያንጎራጎርሽ፣ ቀስ አድርገሽ ስትስቢ፣ ቀስ አድርገሽ ስትመልሺ ታየሽኝ። «ልታስተኛቸው ነው እንዴ?» ብዬ ስተርብሽ፣ «አንቺስ እቴ፣ ሲያዋክቡሽ ደስ ይልሻል?» ትዪኝ ነበር። እኔ አንቺን ለመቅደም ስል ሴሎቹን እንደ ባለጋራ ስንጣቸው ኖሬያለሁ። ኢንዛይሙንም በጊዜው አላስቆመውም። ኢንዛይም እንደ ቅናት ነው፤ ሲበቃው በረዶ ላይ ካላስቀመጡት ማያያዣውን ጨርሶ ባለቤቱን መብላት ይጀምራል።

እንዳንቺው ሠራሁ። ዜማሽን ሳይቀር ሰረቅሁ፤ ድምፄን መቼም ታውቂዋለሽ፤ ሲሽከረከር የሚያጓራው ሴንትሪፊዩጅ ይሻላል።

አለቃችን ጎንበስ ብለው አዩ። ሴሎቹ እንደ ጤዛ ጠብታ ቦግ ብለዋል፤ ሰማያዊው እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ብቻ ነው። ሰውዬው ቀና አሉ፤ ፊታቸው በርቷል።

«መቼ መጣች?»

«ማን?»

«እሷ ነቻ!»

ሥራው እኔ ዘንድ ቀረ። ምስጋናው ግን መንገድ ተሻግሮ አንቺ ዘንድ ደረሰ።

ስለዚህ እህት ዓለም፣ ክፉ አልመኝልሽም። አንድ ቀን ብቻ፣ ስለ ፍትሕ ሲባል፣ ሴሎችሽ ሁሉ ሰማያዊ ይሁኑ። አለቃሽ «ምን ነካቸው?» ካሉሽ፣ «እሷ መጥታ ነበር» በያቸው። እንካካሳለን።

ቅናቷን በረዶ ላይ ያስቀመጠች
ጓደኛሽ