በአንድ አምፖል ሁለት ቤት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ገብስ አስፈጭቼ ተመለስኩ። ዝናሽ ቤቷ የለችም። ዛሬም ፈርሂያ ዘንድ ናት። ሳቋ ሁለት ግድግዳ አልፎ ይሰማል። ከእኔ ጋር እንዲህ ስቃ ታውቃለች? አላስታውስም...

ፈርሂያ ከደጎሎ መጥታ ቀበሌው ሦስተኛውን ክፍል የሰጣት ከመስቀል ወዲህ ነው። እኔና ዝናሽ ግን በአንድ አምፖል አርጅተናል። በጋራ ግድግዳችን ቀዳዳ ላይ ተንጠልጥሎ ለሁለት ቤት ያበራል። ማጥፊያው በእኔ በኩል። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትፈትላለች። ስንተኛ «ይጥፋ?» እላታለሁ። «ይጥፋ» ትላለች። በቃ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ፈርሂያ በር ላይ ያዘችኝ። «እትዬ ካሰች፣ እርስዎም ይምጡ እንጂ! እትዬ ዝናሽ እኮ በሳቅ ገደሉኝ፣ ወላሂ!»

ዝናሽ? ሰው የምታስቅ? ሥራ አለብኝ አልኳት። ምን ሥራ አለኝ...

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

አደረግሁት። ሲመሽ ዝናሽ እዚያው ነበረች። አምፖሉን ወደ እኔ ጎትቼ ቀዳዳውን በካርቶን ወተፍኩት። ትምጣና ትየው አልኩ።

መጣች። በጨለማ ስትዳብስ ሰማኋት። ጀሪካን ወደቀ፣ ውሃው ተደፋ። አሁን ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ውሃውን በጨርቅ መወልወል ያዘች። መጽሐፉን ገልጬ አንዱ ገጽ ላይ አፈጠጥኩ እንጂ አላነበብኩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

«ይጥፋ?» የምለው ሰው የለም። ዝም ብዬ አጠፋሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

ዝናሽ ሰላምታዋን አላጎደለችም። ይሄ ነው የባሰው።

ፈርሂያ ከራሷ ቆጣሪ መስመር ልትስብላት ነው። ቀዳዳው ደግሞ ቅዳሜ በጭቃ ይመረጋል። ከተመረገ አለቀ። አጠገቤ እያለች ልትርቀኝ ነው...

ባሌ አድማሴ ትዝ አለኝ። ታሞ እዚሁ አምፖል ሥር ተኝቶ «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» ይለኝ ነበር። ፊደል የለየሁት ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ፣ ለብቻዬ ነው። ስህተቴን እንዳይሰማ «ነገ» እለው ነበር። አንድም ቀን ሳላነብለት ሄደ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 16

ዝናሽ በር ላይ ቆምኩ። ጭቃው ተቦክቶ ደጃፏ ላይ ተቀምጧል።

«ተይው፣ አታስመርጊው» አልኳት። እንዝርቷን ማሾር ስትቀጥል ጊዜ ባሰብኝ። «ፈርሂያ እኔ የሌለኝ ምን አላት?»

እንዝርቷን አስቀመጠች። «እሷ ዘንድ እስቃለሁ። አንቺን ፈርቼ እኮ ሳል ሲመጣብኝ እንኳ ጋቢዬን ነው የምነክሰው።»

«ማን ንከሺ አለሽ?»

«አንቺ ነሻ! አድማሴ የሞተ ሰሞን ‹ማንበቢያ አሳጣሽኝ፣ ዝም በይ!› ብለሽ ግድግዳውን በቡጢ አልነረትሽውም? ይኸው ዝም አልኩ።»

ረስቼው ነበር። እሷ ግን ይህን ሁሉ ዘመን...

«አንብቤ ላሰማሽ?» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«ስትሳሳቺ እስቃለሁ።»

«ሳቂ።»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

መስመሩ ተስቦላታል። የራሷ አምፖል አላት። ጭቃው ግን እዚያው ደጃፏ ላይ ደርቋል።

ካርቶኑን አውጥቼ በቀዳዳው ማንበብ ጀመርኩ። ገና ከመጀመሪያው አንድ ቃል ገደፍኩ፣ ዝናሽ ከት ብላ ሳቀች። አድማሴም እንዲሁ ይስቅ ነበር? ቢስቅብኝስ ምን ነበር...

ፈርሂያም መጥታለች። የት ተቀመጠች? ዝናሽ አልጋ ላይ፣ ከጎኗ። ቆሽቴ እርር አለ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ጉሮሮዬ ሲደርቅ መጽሐፉን አጠፍኩና፣ የልማድ ነገር፣ «ይጥፋ?» አልኩ።

«ምኑ ነው የሚጠፋው!» አለች ዝናሽ። «ሰውየው ልጅቱን አገኛት፣ አላገኛትም?»