ጂራታ እናቱን እስኪጠራ

ጥቅምት 8

ውሃ ዛሬ በጠዋት መጣ። በርሜሉን ሞላሁ፣ ጎመን ቀነጠስኩ፣ ግቢውን ጠረግኩ። ሌላ ምን አለ? ምንም።

ዳሲቱ የፋብሪካው ሰርቪስ እንዳያመልጣት ገና ሳይነጋ ሮጣ ወጣች። ልጇን እንደተኛ ተሸክማ መጥታ እኔ አልጋ ላይ አስተኛችው። "እትዬ የሺ፣ እስከ አስር ሰዓት እደርሳለሁ።" ቂሊንጦ ሸሚዝ ትሰፋለች። የጓሮዋን ክፍል ካከራየኋት ወዲህ ጂራታ ቀን ቀን ከእኔ ጋር ነው።

አምስት ዓመቱ ነው። አይናገርም። ኦቲዝም ነው ብለዋታል ሐኪሞቹ። በደጅ የሚያልፍ ባጃጅ ክላክስ ሲያደርግ ጆሮውን ይደፍናል፣ ከዚያ እጁን ይነክሳል... እስኪደማ። የሚያስታግሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የበዛብህ ጋቢ። ጥቅልል አድርጌ ጥብቅ አድርጌ ስይዘው ዝም ይላል። ትንፋሹ ሲረጋጋ ደረቴ ላይ ይሰማኛል።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ጋቢውን ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ። አሁንም እሱን እሱን ይሸተኛል። ወይስ ለእኔ ብቻ ነው?

ጥቅምት 13

ዳሲቱ አዲስ ወሬ ይዛ ገባች። እንደ ጂራታ ያሉ ልጆችን የሚረዳው ማዕከል ሩቅ ነው፣ ወረፋውም አያልቅም። ግን ወላጆችን በስልክ ያሰለጥናሉ አሉ፤ በቪዲዮ፣ ልጁ ቤቱ ውስጥ እንዳለ። እኔም እንድገባበት ትፈልጋለች።

"እኔ ወላጅ አይደለሁ" አልኳት።

"ታዲያ ምንድን ነዎት?" ብላ ሳቀች።

ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ሳስበው ዋልኩ።

ጥቅምት 17

ስልኩን በስኳር ጣሳ አስደግፈን ተቀመጥን። አሰልጣኟ እየሩሳሌም ትባላለች። ከልጄ ከዮዲ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ አንዴ አፏን እንደከፈተች ድርቅ ብላ ቀረች። ጂራታ ተጠግቶ ጥርሷን በጣቱ ነካካ። ጎረቤቴ አዚዛ ወንፊት ልትዋስ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። "አሁን ደግሞ ልጅ በስልክ ማሳደግ ተጀመረ? እስኪ ባሌንም አሰልጥኑልኝ!"

ልጅቷ ለካ ትሰማለች። "እሳቸው ዕድሜያቸው ስንት ነው?" አለች ከስልኩ ውስጥ። ሳቅ በሳቅ ሆንን።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ።

"እማማ፣ ጂራታ ጋቢውን ሲፈልግ ምን ያደርጋል?"

"ምንም።"

"ታዲያ እንዴት ያውቃሉ?"

"ዓይኑን አይቼ ነዋ።"

"እሱ እንዲጠይቅ እርስዎ ትንሽ አለማወቅ አለብዎት" አለችኝ።

አለማወቅ... ይሄስ ሥልጠና ያስፈልገዋል?

ቃል መረጥን። እጁን በመንከስ ፋንታ ሰው የሚጠራበት አንድ አጭር ቃል። እኔ በአማርኛ ነው የማናግረው፣ እናቱ በኦሮምኛ። "በእናትየው ቋንቋ ይሁን" አለች እየሩሳሌም። ዳሲቱ አላመነታችም። "ኮቱ።" ነይ ማለት ነው፤ ና ማለትም ነው። ለወንድም ለሴትም ያው።

ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሳሁ። ውሃ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ጥቅምት 18

ስለዚያ ቃል አልጽፍም።

ጥቅምት 29

እየሩሳሌም መመሪያ በቴሌግራም ላከች። ዳሲቱ ዓይኗ ሲከደንባት እኔ አነበብኩላት። "እትዬ፣ የት ነው የተማሩት?" አለችኝ። ግድግዳ ላይ አልኳት። ሳቀች፤ እውነቴን ነው። ስንጋባ የጭቃ ቤታችን ግድግዳ ጋዜጣ የተለጠፈበት ነበር። በዛብህ በባቡር ለሥራ ሄዶ ሲቆይ ጋዜጣውን በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል ለቀምኩ። ተገልብጦ የተለጠፈም ነበር። ለዚህ ነው መሰለኝ፣ ዛሬም ንባብ ሲከብደኝ አንገቴን የማዘነብለው።

መመሪያው እንዲህ ይላል። ጋቢውን ይዞ ትንሽ ራቅ ብሎ መቀመጥ። ልጁ ሲመጣ "ኮቱ" ማለት፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ። ምንም ዓይነት ድምፅ ካወጣ ወዲያው ማቀፍ። ደግሞ ይላል፣ እገዛው የሚሰጠው ቀስ በቀስ እየቀነሰ እንዲቀር ነው።

ይቺን ደግሜ አነበብኳት። እንዲቀር።

ኅዳር 2

መጠበቅ ሥራ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ልጁ ፊቴ ቆሞ ጋቢውን ጫፍ ጫፉን ይጎትታል። ዓይኑ ይለምነኛል። እኔ እንዳልገባው ሰው ቁጭ። "ኮቱ" እላለሁ አንዴ... ጥርሴን ነክሼ ዝም። እየሩሳሌም በስልኩ ውስጥ በሹክሹክታ "ይጠብቁ፣ ይጠብቁ እማማ" ትላለች። እም አለ በአፍንጫው። አቀፍኩት።

ኅዳር 6

"ኮ" አለ!

እየሩሳሌም አጨበጨበች። "ጎበዝ ጂራታ! ጎበዝ እማማ!"

ጎበዝ ተብዬ አላውቅም። ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ተሳልሜ ስመለስ ልቤ አላርፍ አለኝ። እሺ፣ ልጻፈው።

ዮዲን እኔ አልወለድኳትም። በዛብህ እኔን ሳያገባ ከውሲ ከምትባል ሴት የወለዳት ናት። ከውሲ ከወንዙ ማዶ ከገበሬዎቹ መንደር ነበረች። በጠና ስትታመም፣ እስክትድን ተብሎ ሕፃኗ እኔ ዘንድ መጣች። ገና አፏን አልፈታችም ነበር። እኔ ዘንድ ፈታች። እማዬ አለችኝ።

ከውሲ ዳነች። አንድ ቀን ልትወስዳት መጣች። በዛብህ ሥራ ላይ ነበር። በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋችላት። "ኮቱ" አለቻት። "ኮቱ... ኮቱ።" ዮዲ አልገባትም፤ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። እኔ ግን ገብቶኛል። አቃቂ ገበያ ወጥቶ የሚገባ ሰው ይቺን ቃል አጥቷት ነው? "ነይ እያለችሽ ነው፣ ሂጂ" ማለት እችል ነበር። ዝም አልኩ። ከውሲ ጥቂት ቆማ ተመለሰች። ዳግመኛ አልመጣችም። ቆይቶ ሞተች ሲባል ሰማን።

"እማዬ፣ ያቺ ሴትዮ ምን እያለችኝ ነበር?"

"እንጃ ልጄ።"

ሴትዮዋ እናቷ እንደነበረች ዮዲ የሰማችው በአባቷ ለቅሶ ላይ ነው፣ ከዘመድ አፍ። ምንም አልተናገረችኝም። አዳማ ናት፤ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 23

ጂራታ ቃሉን ሞላው። ባጃጅ አለፈ፣ እጁን ወደ አፉ ወሰደ፣ ከዚያ ተወውና... "ኮቱ።" እኔን እያየ።

እኔን ነው የሚጠራው፣ እናቱን አይደለም። ዳሲቱ ከሥራ ገብታ ጋቢውን ይዛ ትቀመጣለች፤ እሱ ወደ እኔ በር ያያል። ዛሬ አልቻለችም። "ልጄ እኮ ነው! እኔ እኮ ነኝ የወለድኩት!" ብላ ጋቢውን ወረወረችው። ቆይታ አንገቷን ደፍታ መጣች። "ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ድካም ነው።"

"ምን አጠፋሽ" አልኳት።

ከዚያ ነገረችኝ። እህቷ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤት ተከራይታለች። አብረው እንዲኖሩ ትፈልጋለች፤ ፈረቃቸው ስለሚለያይ ሁልጊዜ አንዳቸው ከልጁ ጋር ይሆናሉ። ከገና በኋላ መግባት ይችላሉ።

"ግን እኔን ካልጠራኝ እንዴት አድርጌ ልውሰደው? እጁን ሊጨርሰው ነው። እናቱን እስኪጠራ ድረስ አልሄድም።"

ኅዳር 27

እየሩሳሌም መላ ሰጠች። ከሰዓት በኋላ ጋቢውን እኔ እንዳልሰጠው። "የድስት ክዳኑን ያሽከርክር፣ ያጫውቱት፣ ጋቢው ግን ከእናቱ እጅ ብቻ። ትንሽ ይናፍቀው እማማ። ካልናፈቀው አይጠራትም።"

ስለ ናፍቆት ይቺ ልጅ ለእኔ ትነግረኛለች?

ታኅሣሥ 1

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጥቶ "ኮቱ" አለኝ። አቀፍኩት። በጋቢው። ብዙ ያዝኩት። ምን ላድርግ፣ ጠራኝ እኮ።

ዳሲቱ ስትመጣ ጠግቦ ነበር። ድስት ክዳን ሲያሽከረክር አመሸ፤ ዞር ብሎም አላያት።

"ከሰዓት ጋቢ አግኝቶ ነበር?" አለች እየሩሳሌም።

"የለም።"

ታኅሣሥ 2

ዛሬም።

ታኅሣሥ 5

ልብስ ሳሰጣ ሰማኋት። ዳሲቱ ከእህቷ ጋር በስልክ። በኦሮምኛ ነው፤ ይሄን ያህልማ ይገባኛል። ሌላ አብሮሽ የሚኖር ሰው ፈልጊ አለቻት። ልጄ እኔን አይፈልገኝም አለቻት። ጮክ ብላ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

ደስ አለኝ።

እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጻፈው? ደስ አለኝ። ያን ቀንም ደስ ብሎኝ ነበር... ከውሲ ጀርባዋን ስታዞር።

ታኅሣሥ 6

ጋቢውን አጥፌ የዳሲቱ አልጋ ላይ አስቀመጥኩት። ለእየሩሳሌም ያለ ቀጠሮ ደወልኩላት። ከሰዓት ከሰዓት እየሰጠሁት ነበር አልኳት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

"ብዙ ወላጆች ያደርጉታል እማማ።"

ወላጆች አለች።

"በዳሲቱ የእረፍት ቀን ግን ከቤት ይውጡ። እርስዎ እያሉ ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው።"

ታኅሣሥ 8

ወጣሁ። የት ይኬዳል? አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሐዲዱን ሣር ውጦታል። በዛብህን የምጠብቀው እዚህ ነበር፤ ዮዲን ይዤ፣ ፀጉሯን እየሠራሁላት። የሚመጣ ባቡር የለም። ዓይኔ ግን ወደዚያው ወደሚመጣበት ያያል።

ስመለስ አዚዛ ደጅ ጠበቀችኝ። "የት ጠፋሽ አንቺ? ልጁ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው!" የዳሲቱ ክንድ ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"ሳምንትም ይወጣሉ አይደል?" አለችኝ።

"እወጣለሁ።"

ታኅሣሥ 15

ወጣሁ። አልጠራትም። ግን አልነከሰም አለች። አጠገቧ መጥቶ ቆመ... ጋቢውን በጣቱ ነካ አደረገ... ሄደ።

ታኅሣሥ 19

ዮዲ ደወለች። አባቷ ገብርኤልን ይዘክር ስለነበር በዚህ ቀን አትቀርም።

"እማዬ፣ እንዴት ነሽ?"

"ደህና ነኝ። አንቺስ?"

"ደህና። መምጣት ነበረብኝ፣ ግን ሥራው..."

"አትልፊ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ። እኔ እንደሆነ ምንም አልጎደለኝም።"

ከዘጋች በኋላ ስልኩን ይዤ ቆየሁ። ምንም አልጎደለኝም? ማን ነው እንዲህ እንድል ያስተማረኝ?

ታኅሣሥ 22

ብርዱ አላስቀመጠኝም፤ ቀድሜ ተመለስኩ። የገዛ በሬን መቀርቀሪያ ልከፍት ስል ከኋላዬ ባጃጅ ክላክሱን እያንባረቀ አለፈ። አሁን ነከሰ፣ አልኩ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ።

ከውስጥ ምንም አይሰማም።

ከዚያ "ኮቱ።" ቀጭን ድምፅ። ደግሞ፣ ጮክ ብሎ፣ "ኮቱ!"

የዳሲቱ ነጠላ ጫማ ሲሮጥ ሰማሁ። መጣሁ፣ መጣሁ ትላለች በቋንቋዋ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

አልገባሁም። በዚህ በር ስንት ዓመት ወጥቻለሁ፣ ገብቻለሁ። ከውጭ በኩል ቆሜ ግን አላውቅም፤ ከውሲ የቆመችበት ላይ። ለካ ከዚህ ሁሉም ነገር ይሰማል። ልጅ ቀሚስ ውስጥ ሲደበቅ ሳይቀር የሚሰማ ይመስለኛል።

ጥር 2

ዕቃቸውን ፒክአፕ ላይ ጫኑ። ጋቢውን አጥፌ ከላይ አደረግኩት።

"ይሄ የጋሽ በዛብህ አይደል? አልወስድም እትዬ!"

"የእኔ አይደለም፣ የጂራታ ነው" አልኳት።

አንገቴን አቅፋ ብዙ ቆየች። ጂራታ ጭኗ ላይ ተቀመጠ፤ ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ፊቱን ወደ እናቱ አዞረ። ወደ እኔ አላየም። እየሩሳሌም ይሄን ብታይ ታጨበጭብ ነበር። እኔም ላጨበጭብ አስቤ ነበር... እጄ አልታዘዘኝም።

ጥር 6

በርሜሉ እንደሞላ ነው። ባጃጅ ክላክስ ባደረገ ቁጥር እጄ ጋቢውን ፍለጋ ይሄዳል።

ጥር 8

ለዮዲ ደወልኩላት። እኔ ነኝ የደወልኩት።

"እማዬ? ምን ሆንሽ?"

"ምንም አልሆንኩ። ነይ።"

አፌ ላይ መጥቶ ነበር... ሥራ ከበዛብሽ ግን፣ መንገዱም፣ እኔ እንደሆነ ደህና ነኝ... ዋጥኩት። አንዴ ተናግሮ መጠበቅ ነው። ጠበቅኩ። በደጅ ባጃጅ አለፈ፣ አሁንም ጠበቅኩ።

"ነይ ብለሽኝ አታውቂም እኮ" አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ እንደ ልጅነቷ ቀጠነ።

"አላውቅም።"

"...ለጥምቀት እመጣለሁ።"

ስትመጣ የምሰጣት አንድ ቃል አለኝ። የእኔ አይደለም። እናቷ በር ላይ ትታላት የሄደችው ነው።