ሳልጨርስ የተረጎምኩልሽ

ዘሀራዬ፣

ያለ አንቺ ሦስተኛው ረመዳን ገባ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ የሚያመኝ ነገር ስለሌለ ነው፤ የሚያስደስተኝም የለም። አልቅስና ይውጣልህ ይሉኛል፤ ምኑ እንደሚወጣልኝ አላውቅም።

ያው አሌክሳንድሪያ፣ እዚያው አፓርትመንት ነን። ታክሲውን ትቼ አውቶቡስ እነዳለሁ። ልጃችን ሂክማ በቁመት በልጣኛለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ «እሺ»ን ብቻ እንዳንቺ ጎተት አድርጋ ትላታለች። ባለፈው ሳምንት የባዮሎጂ ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ ትታው ያንን ሥዕል አየሁት። አንድ ክብ፣ ዙሪያውን ነጠብጣቦች፣ ወደ ክቡ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች። ያኔ ዶክተርሽ የምርመራ አልጋው ላይ በተነጠፈው ወረቀት የሣለችልን ነው።

ያን ቀን በስልክ አስተርጓሚ ላምጣ ብላን ነበር። ባሏ እያለሁ ምን ሲደረግ አልኩ። አንቺም ኮራሽብኝ። የኛ ሰው ለታማሚ ክፉ አይነግርም፤ መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦለት ነው። እናም ዶክተሯ ብዙ ተናግራ እኔ ጥቂት ነገርኩሽ። አዲስ የደም ሥር እየበቀለልሽ ነው አልኩሽ። ጥሩ ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጥሩ ነው አልኩሽ።

ከዚያ ወዲያ ለጠያቂው ሁሉ ደሜ እየታደሰ ነው ትዪ ጀመር። እውነቱን ሹክ ያልኳቸውም አልሐምዱሊላህ እያሉ አብረውኝ ዋሹ። ከእህትሽ ጋር ከተኳረፋችሁ ሁለት ዓመት ሆኗችሁ ነበር። እሷ ያለችበት ሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም፤ ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና በመኪና ካልተዘጋ አርባ ደቂቃ ነው። ልጥራት ስልሽ፣ አዝናልኝ እንድትመጣ አልፈልግም፣ ሲሻለኝ በእግሬ ሄጄ አፉ እንባባላለን አልሽኝ። እንደማይሻልሽ አውቅ ነበር። ግን እሺ አልኩሽ። እሷም የመጣችው ገላሽን ሊያጥቡ ከገቡት ሴቶች ጋር ነው።

ዛሬ ሙሉውን ልተርጉምልሽ። ዶክተሯ ያለችው እንዲህ ነው። ክቡ የካንሰሩ እጢ ነው፤ ብቻውን ብዙ አያድግም፤ ደም ካልደረሰው ባለበት ይቆማል። ዙሪያውን ያሉት ህዋሶች የራስሽ ናቸው፣ ጤነኞች ናቸው። እጢው ምልክት ሲልክባቸው የሚድን ቁስል ይመስላቸዋል። እንርዳው ብለው አዲስ የደም ሥር ይጠሩለታል፣ እሱም በዚያ ደም ያድጋል። የምሰጥሽ መድኃኒት ያንን ጥሪ ለማፈን ነው፤ ግን ጥቂት ወራት ቢጨምርልሽ ነው፣ ልታገኚው የምትፈልጊው ሰው ካለ አሁን አግኚው አለች። ይህችን የመጨረሻዋን ዋጥኳት።

ክፋት አልነበረኝም። እነዚያ ህዋሶችም ክፋት የላቸውም። ሥዕሉን ካየሁ ጀምሮ ይኼንኑ ነው የማስበው።

እህትሽ እስከ ዛሬ እንደተቀየምሻት የሄድሽ ይመስላታል። ቅዳሜ ሂክማን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ እሄዳለሁ። ወደ እሷ ልትሄጂ አስበሽ እንደነበር፣ ያስቀረሁሽም እኔ እንደሆንኩ ሳላሳጥር እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ ፊቷን ብታዞርብኝ አይከፋኝም።

አንቺን አልረሳሽም። ጥሩ ነው ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ ዓይን ዓይኔን ያየሽኝንም አልረሳውም። ጥሩ አልነበረም፣ ዘሀራዬ።