የጥያቄ ምልክት የሆኑ ስሞች

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

የተለመደ ቀን። አክስቴ ክሊኒኩ ውስጥ የተራ ቁጥር ካርድ ታድላለች፣ እኔ ጥግ ላይ የበሽተኞቹን መረጃ ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ። ማንም አላናገረኝም። ደስ ይላል። ነገ መረጃው ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ይዛወራል አሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

የበሽተኞቹ ስም ሁሉ ጠፋ! ???? ???? ብቻ... አክስቴ መነጽሯን ደጋግማ ወለወለች፣ መነጽሩ መስሏት። የኮምፒውተር ባለሙያው ተጠራ። ትናንት ሲሞክረው የራሱን ስም በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ልክ ሲሆንለት «አለቀ» ብሎ ሄዶ ነበር። ለካ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ መረጃው የሚቀመጥበት ሰንጠረዥ የእኛን ፊደል እንዲቀበል አልተስተካከለም። የማያውቀው ፊደል ሲመጣበት በቦታው የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ሰንጠረዡ ተስተካከለ። አዲስ የምጽፈው ልክ ይወጣል። የድሮውስ?

«ፊደሉ ተዘበራርቆ ቢሆን እመልሰው ነበር፣ እህቴ። የተቀመጠው ግን የጥያቄ ምልክቱ ራሱ ነው» አለ ባለሙያው።

አሮጌው ኮምፒውተርስ? ውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶታል... «ሠርቷል ብዬ እኮ ነው!»

ሁሉም ስለ ስም ያወራል። የማይስማማ መድኃኒት የሚጻፍበት ቦታስ? እሱም ????... ጉንጮ ትዝ አለኝ። ያ ጉንጫም ሕፃን። አንድ መርፌ ሊገድለው ነበር። የመርፌውን ስም ሐኪሙ እየነገረኝ በእኛው ፊደል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምን ነበር? ምን ነበር?

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ለአክስቴ ነገርኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። ሐኪሙን ጠየቀችው፣ እሱም የመርፌውን ስም አያስታውሰውም። ስልክና ዕድሜ ቁጥር ስለሆኑ ተርፈዋል። «በይ፣ አንቺ ለሕፃናቱ ወላጆች ደውዪ፣ እኔ ለትልልቆቹ።» እኔ? ስልክ? ድምፄ እኮ ለራሴም አይሰማኝም...

«ማን ልበል?»

«እ... ከክሊኒክ ነው... ስምዎን ፈልጌ ነበር...»

«ደውለሽ ስሜን ትጠይቂኛለሽ? ማን ጋ እንደደወልሽ አታውቂም? አጭበርባሪ!»

ጆሮዬ ላይ ዘጉት። አክስቴ በሳቅ ሞተች። እኔ ማልቀስ ነው የቀረኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

የጉንጮ እናት በስልክ ተገኙ።

«የማይስማማው መርፌ... ስሙን ያስታውሱታል?»

«እናንተ ጋ ተጽፏል አይደል? ተጽፏል ብዬ እኮ ነው በቃሌ ያልያዝኩት።»

«ከእኛ ጠፍቷል... አባቱስ?»

«እሱ? ልጁ የተወለደበትን ቀን እንኳ እኔን ነው የሚጠይቀው።»

«እንግዲያው ሐኪሙ ሳያየው ምንም መርፌ እንዳያስወጉት! የትም! ማንም ቢልዎት!»

ጮኼ ነበር ለካ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። እናትየው እንድደግመው ጠየቁኝ፤ ደገምኩት፣ ከበፊቱ ጮክ ብዬ።

ሰኞ ይዘውት ይመጣሉ። ብቻ እስከዚያ ትኩሳት አይያዘው...