የትሕትና የፍልሰታ ጾም

ለተከበሩት እኅቴ ለእትዬ ወለተሰንበት፣

እንደምን ከርመዋል? ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርዎ ጉልበትዎስ ተሻለው? ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ደህና ናቸው? እናንተ ዘንድ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ድምፃችሁን ስላልሰማን ሆዳችን ባብቷል። እኛ፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ አለን። አለን ስል ግን ለወጉ ያህል ነው፤ ደክሞኛል፣ እትዬ።

ልጄን ትሕትናን አሟት ነበር። በፍልሰታ መግቢያ እንደ ጉንፋን ጀመራት፤ ከዚያ ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል ስናደርሳት የሳንባ ምች ነው ብለው በቀጥታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቧት፤ በመድኃኒት አስተኝተው በጉሮሮዋ ቱቦ ሰደዱና መተንፈሻ መሣሪያ ላይ አደረጓት። አምና እርስዎ ዘንድ ከርማ የጀመረችውን ጾም ዘንድሮም ይዛ ስለነበር፣ ጾሙ ይሆን የጎዳት ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋት። ተውሳክ ጾምና ፍስክ አይለይም አለችኝ።

እናቷ እድላዊት ሕፃኑን የአብስራን ከተገላገለች ገና አራስ ናት፤ ስለዚህ አስታማሚው እኔ ሆንኩ። ጌጃ ሰፈር ያለችውን ስፌት ቤቴን ዘጋኋት። ደንበኞቼ ለዘመን መለወጫ ያዘዙትን ልብስ እየጠየቁ ስልኬን ያቃጥሉታል። ክፍሉ የሚገባው በሰዓት ነው፤ ቀሪውን ኮሪደር ወንበር ላይ መጎለት ነው። ወገቤ የኔ አልመስል ብሎኛል።

መጀመሪያ ግራ የገባኝ ምግቡ ነው። ሪሀና የምትባል ነርስ በአፍንጫዋ በገባው ቀጭን ቱቦ ወተት እየለካች ትሰጣታለች። ራሷን የማታውቅ ልጅ ምን ምግብ ያሻታል ብዬ ነበር፤ ሪሀና ግን ሰውነት ከከባድ በሽታ ጋር ሲታገል የገዛ ሥጋውን እንደሚበላ፣ ካልመገቧት በሽታው ቢለቃት እንኳ አቅም እንደማይተርፋት አስረዳችኝ። አጥሚት ላምጣ ብላት በቱቦው የሚገባው የታዘዘው ብቻ ነው ብላ መለሰችኝ።

ቀጥሎ መጣ ሮቤራ፤ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ልጅቷ እንደተኛች እግሯን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ክንዷን ያነሳል። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ይተኛ፣ ማንም አይነካካው አይደል የሚባለው? ልጄን አታንገላታብኝ ብዬ ተቆጣሁት። አልተቀየመኝም። ምግቡና እንቅስቃሴው አንዱ ያለ ሌላው ጡንቻ እንደማያተርፉ ነገረኝና ሐኪሟ በፈቀደችው ልክ እኔኑ ያለማምደኝ ጀመር። እግሯን ስይዘው፣ እትዬ፣ ለመስከረም የሰፋሁላት የዩኒፎርም ሱሪ ትዝ አለኝ፤ ሁለቱም እግሮቿ በአንዱ በኩል ይገባሉ። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ከመሣሪያው ያላቀቋት ጾሙ ከተፈታ በኋላ ነው። ደስታችን ግን ሙሉ አልሆነም። መዋጥ ትችል እንደሆነ ሲሞክሯት ውሃውን በደንብ ዋጠች። እርጎ በማንኪያ ሲያቀርቡላት ግን ጥርሷን ነከሰች። በማግሥቱ እንቁላል ሲያመጡላትም ያው ነው። ሪሀና ወተቱን ስትሰጣት አይታ የአፍንጫዋን ቱቦ ልትነቅል ታገለች። ከእንዲህ ያለ ሕመም የነቃ ልጅ ይደናገራል አሉኝ። በአፏ ካልበላች ጉልበት አታገኝም፣ ጉልበት ከሌላት አትቆምም፤ ሮቤራ አልጋው ጫፍ ላይ ሲያስቀምጣት እንደ ጨርቅ ትጥፍ ነበር። ድምፅዋ ከቱቦው የተነሳ ስለጠፋ ምክንያቷን የሚነግረን አልነበረም። በመጨረሻ ጆሮዬን ሳስጠጋላት በሹክሹክታ «አባዬ፣ ጾም አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ለካስ ለእሷ ገና ፍልሰታ ነው! ስለ ሳንባዋና ስለ እግሯ ስንጨነቅ ቀኑን የነገራት ሰው የለም። ጾሙ ተፈቷል ብላት ባሰባት። ያለ እኔ ብላ አለቀሰች፤ ተኝታ ሳለች ወተት መጠጣቷንም ስትረዳ፣ እትዬ ምን ይሉኛል ብላ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባች።

ስልኬን ይዤ ወጣሁ፤ ተመለስኩና፣ እትዬ ደውለው የታመመ ልጅ ጾም የለበትም፣ ብዪ ብለውሻል አልኳት። ኔትወርክ እንደሌለ እሷ በምን ታውቃለች? ትክ ብላ አየችኝና አፏን ከፈተች። የልደታ ማርያሙ የንስሐ አባታችንም ያንኑ ይሏት ነበር፤ እሷ የምታምነው ግን እርስዎን ነው። በስምዎ ዋሽቻለሁ። መስመሩ ሲከፈት ስልኩን ቀድማኝ ስለምትነጥቅ፣ እባክዎ እንዳያጋልጡኝ።

አሁን ትበላለች። ትናንት ሮቤራ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ይዘናት ቆመች፤ እግሯ አዲስ እንደተወለደ ጥጃ ተብረከረከና ወዲያው ተቀመጠች። መራመዱ ገና ነው። ሐኪሞቹንም ስጠይቃቸው እናያለን ነው የሚሉኝ፤ እኔም ከዛሬ አልፌ ማሰብ ከተውኩ ሰነበትኩ።

ይህን ወደ መንዝ ለሚመጣ መንገደኛ ሰጥቻለሁ። ለጋሽ ገብረጊዮርጊስ የከበረ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። በዕውቀቱን አጎትህ ጎበዝ ተማሪ ሁን ብሎሃል ይበሉልኝ። እድላዊት ጉልበትዎን ትስማለች፤ የአብስራም ሲያድግ ይስማል። ትሕትና ደግሞ፣ ዘንድሮ የጎደለብኝን ለከርሞ እጾማለሁ በላቸው ብላለች። ለከርሞ አለች እኮ፣ እትዬ።

ወንድምዎ አስፋው
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.